ዘፈኑን ማን ሠራው?



የምናገረው ስለ ሙዚቃ ቢሆንም ሙዚቀኛ አይደለሁም። መሣሪያ አልጫወትም፤ ድምፄም ለልደት መዝሙር እንኳ አስቸግሮ የኖረ ድምፅ ነው። አድማጭ ነኝ። አዲስ አልበም ሲወጣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ካልሰማሁ በቀር አስተያየት አልሰጥም፤ ከሰማሁ በኋላ ደግሞ አስተያየቴን የሚያስቆም የለም። እንዲህ ያለ ሰው በጨዋታ መሀል እንደሚያሰለች ቤተሰቦቼ በግልጽ ነግረውኛል። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

አዲስ አልበም ወጣ ሲባል ወሬው እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እገሌ ተመለሰ፤ እገሊት ከዚህ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ ብቅ አለች፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው አየው፤ ክሊፑ እንዲህ ያለ አገር ሄደው የቀረጹት ነው፤ ቀሚሷን እገሌ ነው የሠራላት። ስለ ቀሚሱ ይህን ያህል ሲወራ ስለ ቤዝ ጊታሩ አንድ ቃል የሚናገር አይገኝም። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማው የማን ነው? ማን አቀናበረው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ወይ የሙያው ባልደረባ ነው፣ ወይ እንደኔ ሥራ የፈታ ነው።

ዛሬ የማስረዳችሁ አንድ ነገር ነው። ዘፈን ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ በዘፈኑ ውስጥ ይሰማል። ማን ገንዘቡን አወጣ፣ ማን ተከፈለው፣ ማን ሳይከፈለው ቀረ፣ ሥራው በሸክላ ነው ወይስ በካሴት የወጣው፣ የማንስ ስም ተጻፈ የሚለው ሁሉ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትራምፔቱ መኖርና አለመኖር፣ የዘፈኑ ርዝመት፣ ድምፃዊው በስንተኛው ሰከንድ አፉን እንደሚከፍት ሳይቀር ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ገበያውን ወሬና የአልበሙን ግምገማ ለየብቻ ማስኬድ አይቻልም ባይ ነኝ። ዓመተ ምሕረቱን ለማነጻጸር እንዲመች በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ከሸክላው እንነሳ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ ነው። የተላኩት ግን ለዘፈን አልነበረም፤ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ነበር። የመጀመሪያው ሸክላችን ባለቤት መካኒክነት ሊማር የሄደ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከዚያ ብዙ ዓመታት አለፉና ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆነ። ያንን አጥር ጥሶ የገባው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት ነው፤ አምሃ እሸቴ። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ክስ ሊመጣበት እንደሚችል እያወቀ ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣው። በኋላ የማሳተሙን ሥራ ወደ ቤይሩት አዛወረ። አገር ለቆ እስከ ሄደበት እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎችን አውጥቷል።

ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ዛሬ «አልበም» የምንለው ነገር ያኔ ብርቅ ነበር። ገበያው የትንሿ ሸክላ ገበያ ነው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት ሌላ። አንዱ ፊት የሚይዘው አራት ደቂቃ ግድም ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ቶሎ መነሳት አለበት። የነሐስ መሣሪያዎቹ በአንድ ላይ መግቢያውን ይጥላሉ፣ ድምፃዊው ይገባል፣ ሳክስፎኑ ለአፍታ ብቻውን ይናገራል፣ ድምፃዊው ይመለሳል፣ አለቀ። አላልቅም ያለ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባው ይታተማል። የዚያ ዘመን ሥራዎች እስከ ዛሬ ትኩስ ሆነው የሚሰሙበት አንዱ ምክንያት ሊቅነት ነው፤ ሌላው ምክንያት ግን የቦታ ጥበት ነው። ለወሬ የሚተርፍ ቦታ አልነበረም።

ሌላም አለ። እነዚያ ትራምፔትና ትሮምቦን ነፊዎች ከየት መጡ? ብዙዎቹ ከክቡር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊትና ከፖሊስ ኦርኬስትራ ናቸው። ያሠለጠናቸው መንግሥት፣ ደሞዛቸውንም የሚከፍል መንግሥት ነው። ግለሰብ አሳታሚ እንዲህ ያለ ጭፍራ ከባዶ ላሠልጥን ቢል አይችለውም ነበር። የጥላሁን ገሠሠን የክቡር ዘበኛ ዘመን ስናደንቅ የአቀናባሪውን የሳህሌ ደጋጎንም እጅ እያደነቅን ነው፤ ያንን ድምፅ የሚሸከም ኦርኬስትራ ባይኖር ድምፁ ምን ላይ ይቆም ነበር?

ካሴቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከኛ መሀል ብዙዎቻችን የካሴት ልጆች ነንና።

ካሴት ሥልሳ ደቂቃ ይይዛል። ሥልሳ ደቂቃ ለመሙላት ሁለት ዘፈን አይበቃም፤ አሥር ወይም አሥራ አንድ ያስፈልጋል። ድምፃዊው አሥር ግጥምና አሥር ዜማ ከየት ያመጣል? ወደ ግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ይሄዳል። የይልማ ገብረአብ፣ የሞገስ ተካ፣ የአበበ መለሰ ስም በስንቱ ካሴት ወረቀት ላይ እንዳነበብን አስታውሱ። እኔ በበኩሌ በዚያ ዘመን ከተጻፉት የፍቅር ግጥሞች መካከል በመጽሐፍ ከታተሙት የሚበልጡ አሉ እላለሁ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይቅር ይበሉኝ። ካሴቱ ነው ያጻፋቸው። ገበያው ግጥም ፈለገ፣ ግጥም ተገኘ።

የካሴቱን ወረቀት አስታውሱት። ተጣጥፎ ከፕላስቲኩ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። ከፊት ለፊት ድምፃዊው በጎን ዞሮ፣ አንዳንዴ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የተነሳው ፎቶግራፍ። ስትዘረጉት የዘፈኖቹ ዝርዝር፤ በየዘፈኑ ትይዩ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ። ከሥር ቅንብር፣ ቀጥሎ የባንዱ አባላት፤ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሳክስፎን። ከዚያ ረጅም የምስጋና ዝርዝር፤ ከእናት ተጀምሮ ጫማ ያዋሰው ጓደኛ ድረስ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሙዚቃ ቤቱ ስልክና ሥራውን ማባዛት ክልክል መሆኑን የሚነግር ማስጠንቀቂያ። ጽሑፉ ከመድቀቁ የተነሳ ለማንበብ መስኮት አጠገብ መሄድ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ይነበብ ነበር። ሮሃ ባንድን ያወቅነው በዚያ ወረቀት ነው። ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድና በቅንብር፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን። እነዚህ ሰዎች የትኛውንም ድምፃዊ አጅበው ቢጫወቱ ከመግቢያው ይለያሉ። የአንድ ትውልድ ጆሮ የተሠራው በአንድ ባንድ እጅ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በጎው ይህ ነው። ክፉውን ደግሞ እንይ። የካሴት ዘመን አሳታሚ ሙዚቃ ቤቱ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ድምፃዊው ሥራውን አስቀርጾ ማስተሩን ይዞ ይመጣል ወይም ሙዚቃ ቤቱ ራሱ ያስቀርጸዋል፤ ዋጋ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ካሴቱ አሥር ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ልዩነት የለውም። ግጥም ደራሲውም ዜማ ደራሲውም እንደዚያው በቁርጥ ዋጋ ተሸኝተዋል። ነጋዴው በዚህ ብቻ የሚወቀስ አይመስለኝም፤ እሱም ከኋላው የሚሮጥበት ነበር። ካሴቱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለ ሁለት ጉሮሮ ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ አባዝቶት ያገኘዋል። ስለዚህ ትርፉ ሁሉ መሰብሰብ ያለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። አልበም ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚወጣበት ልማድ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው፤ ጾም ሲፈታ ጭፈራው ይጀመራል፣ ሰው እጅ ላይ ብር አለ፣ ሸመታው በአንድ ሳምንት ያልቃል።

በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ገበያ የመጀመሪያውን ዘፈን ንጉሥ ያደርገዋል። የታክሲ ሾፌሩ አስገብቶ ሲያጫውተው መንገደኛው «ይሄ የማን ነው?» ካላለ ቀረ። ስለዚህ ሳይድ ኤ ላይ በመጀመሪያ የሚገባው ፈጣኑና ቶሎ የሚያዘው ሆነ፤ ከበድ ያለው ትዝታ ወይም አምባሰል ወደ መጨረሻው ተገፋ። የድሮ ካሴቶቻችሁን እንደገና ብትሰሙ አንድ ምክር አለኝ፤ ከሳይድ ቢ መጨረሻ ጀምሩ። አሳታሚው ያላመነባቸውን፣ ድምፃዊው ግን ለነፍሱ የዘፈናቸውን የምታገኙት እዚያ ነው።

የነሐስ መሣሪያዎቹም የጠፉት በዚሁ ሂሳብ ነው። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የምሽት ቤቱን ሥራ አዳክሞታል፤ ትልቅ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የሚያድርበት ቦታ ጠበበ። ከዚያም ዘመናዊው ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ትራምፔቱንም፣ ቫዮሊኑንም፣ ከበሮውንም በጣቱ ያመጣዋል። አምስት ነፊ ከመክፈል አንድ ኪቦርዲስት መክፈል ይቀላል። በሰማንያዎቹ ዓ.ም. ከወጡት ካሴቶች ብዙዎቹ ድምፃዊው ሲለያይ አጃቢው አንድ ዓይነት የሚመስለን ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው «ሙዚቃችን ሞተ» ይላል። አልሞተም፤ በጀት አልነበረውም።

ያም ሆኖ ኪቦርዱን ብቻ መርገም ግፍ ነው። በዚያው መሣሪያ ተአምር የሠራ ሰው አለን። ኃይሉ መርጊያ በሂልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ሰው ነው፤ በ1977 ካይፋ ሬከርድስ ያሳተመው «ቼ በለው» የእነሱ ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄደና ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን በየተራ እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሰማ፣ ተረሳ። እሱ ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን አስተዳደረ። አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት፤ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች መጫወት ጀመረ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀርጾ አወጣ።

ይህን ታሪክ ሰዎች እንደ ተረት ያወሩታል፤ ታክሲ ነጂው አንድ ቀን ስልክ ተደወለለትና እየተባለ። እኔን የሚገርመኝ ውሉ ነው። ያ አሳታሚ ከአርቲስቶቹ ጋር የሚሠራው ከወጪ ቀሪውን እኩል ለእኩል በመካፈል ነው። በቁርጥ ዋጋ ማስተር ከመሸጥ ጋር አስተያዩት። «ላላ በሉ»ን ስትሰሙ የሚሰማችሁ የማይቸኩል ሽማግሌ ነው፤ አኮርዲዮኑ ትንፋሽ ወስዶ፣ ቤዙና ድራሙ ቦታ ለቀውለት ይሄዳል። በፋሲካ ሳምንት ተሸጦ ማለቅ ያለበት ሥራ እንዲህ አይዝናናም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከካሴት ወደ ሲዲ ስንሸጋገር ብዙም አልተለወጠም፤ ማባዛቱ ቀለለ እንጂ። ሲዲ አዟሪው በየመንገዱ ያዞራል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሚሞሪና ፍላሽ መጣና ሰው በጥቂት ብር የመቶ ድምፃዊ ሥራ አስጭኖ መሄድ ጀመረ። ሕጉ ግን በመሀል ወጥቷል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ታወጀ፤ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቅንብርም በዚያ አዋጅ ከተመሠረተበት ዜማ ተለይቶ እንደ ሥራ የሚታወቅ መሆኑን ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872፣ ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፈተ። ካፌው፣ ሆቴሉ፣ ሬዲዮ ጣቢያው በሰው ዘፈን ደንበኛ ከሳበ ሊከፍል ይገባል ማለት ነው። ይህ ሲባል «ለዘፈን ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» የሚል ሰው እስካሁን አላጣሁም። ለማኪያቶው ስኳር የከፈለ ቤት ለሙዚቃው የማይከፍልበት ምክንያት አይገባኝም።

በዚያ የሽግግር ዘመን ስሙ ከድምፃዊዎቹ እኩል የተጠራ አንድ አቀናባሪ ነበረን፤ ኤልያስ መልካ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በገና ስቱዲዮን ያቋቋመ። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበምና የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ከሰማችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከኤልያስ በፊት አቀናባሪ ማለት ለብዙ አድማጭ አጃቢ ነው፤ ድምፃዊው ይዘፍናል፣ ሌላው ከኋላ ይሞላል። ኤልያስ ቦታ መተውን አስተማረን። «እንደ ቃል» ላይ ጊታሩ አንድ ነገር ብሎ ዝም ይላል፤ ከዝምታው ላይ የእዮብ ድምፅ ይነሳል። በስተኋላ የሚሰሙት የአጃቢ ድምፆች እንደ ጌጥ አልተጨመሩም፤ ከዋናው ጋር ይነጋገራሉ። እዮብ በ2013 አረፈ፤ ቀርጾ ያቆያቸው ዘፈኖች ከዓመታት በኋላ «እሮጣለሁ» ተብለው ወጡ። ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ መስማት ከባድ ነው፤ ግን ስሙ።

ኤልያስን ዛሬ ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። ከሙያ ጓደኞቹ ከጆኒ ራጋ፣ ከኃይሌ ሩትስና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆነው በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የሚባል የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ጀመሩ። አስቡት፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን የሚያድር አቀናባሪ ጊዜውን ቆርሶ መደብር ሲሠራ። ለምን? ስንት እንደተሸጠ ባለቤቱ ራሱ ማየት እንዲችል። መተግበሪያው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኤልያስ አረፈ። ከዚያ በኋላ «ሰዋስው»ን የመሰሉ ሌሎችም መጡ። የራፐሩ የካስማሰ «ማለዳ»ም የዚህ አዲሱ ዘመን ሥራ ነው። ካስማሰን የምወደው ለዜማው ብዬ አይደለም፤ አማርኛውን ስለማያጣድፈው ነው። ራፕ ሲባል በፍጥነት መደርደር የሚመስላቸው ወጣቶች አሉን፤ እሱ ግን ቃሉን ለቀቅ አድርጎት እስኪያርፍ ይጠብቃል። አንዳንድ ቦታ ላይ ሙዚቃው ከግጥሙ ያነሰ ሆኖ ይሰማኛል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጸሐፊ ላይ ቢያነስ ይሻላል።

የዛሬው ዋና መደብራችን ግን፣ ወደድንም ጠላንም፣ ዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ወደ ትንሿ ሸክላ መለሰን፤ ነጠላ ዜማ ይወጣል፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ነጠላ ዜማ። ልዩነቱ ሸክላዋ ጀርባ ነበራት። ሌላው ልዩነት ምስሉ ነው፤ ዘፈን «ሰማሁ» የሚል ሰው እየቀነሰ «አየሁ» የሚል በዛ። ቲክቶክ ላይ የሚቆረጥ አሥራ አምስት ሰከንድ ከሌለው ሥራ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ አዝማቹ መጀመሪያ ላይ እየመጣ፣ የመሣሪያ ሶሎ የሚባል ነገር እየጠፋ ነው። ድሮ ታክሲው እንዳደረገው ዛሬ ስልኩ አደረገው። የተመልካች ቁጥርም እንደ ዳኛ ተቆጥሯል። አንድ ሚሊዮን ሰው አየው ማለት ስንቱ እስከ መጨረሻው ሰማው ማለት አይደለም፤ ስንቱስ ከዋሽንግተን፣ ስንቱ ከዱባይ፣ ስንቱ ከአዲስ አበባ ሰማው የሚለውም ለገንዘቡ ትልቅ ልዩነት አለው፤ የማስታወቂያው ዋጋ እንደ አገሩ ይለያያልና። የውጭ አገሩ ወገናችን ጆሮ በገበያው ላይ ከቁጥሩ በላይ የሚመዝነው በዚህ ነው። የስደት ዘፈን የበዛው ናፍቆት ስለበዛ ብቻ አይመስለኝም።

ስሞቹስ የት ሄዱ? ከክሊፑ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ አሉ፤ የሚከፍተው የለም። ካልሆነም ክሊፑ ሲያልቅ እንደ ጥይት ያልፋሉ። በማዳመጫ መተግበሪያዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናየው የድምፃዊውን ስም ብቻ ነው፤ እሱም በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይበታተናል። የአንድን አቀናባሪ ሥራ ሁሉ ፈልጌ ልስማ የሚል ሰው ከካሴት ወረቀት ዘመን ይልቅ ዛሬ ይቸገራል።

አሁን ጥቂት አልበሞችን እንደ አድማጭ ላንሳ፤ አለመስማማት መብታችሁ ነው።

የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ሲወጣ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ስለዚያ አልበም የተጻፈውን ሁሉ ብትሰበስቡት ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ግን ሙሉው የፖለቲካ መጽሐፍ ነው። ማን ተደሰተ፣ ማን ተቆጣ፣ የምረቃው ዝግጅት ለምን ተከለከለ። ሥራውን ከሚወዱትም ከሚጠሉትም ሰዎች ስለ ዜማ አሠራሩ የነገረኝ ጥቂት ነው። እኔ ስሰማው የሰውዬው ትልቁ ችሎታ ግጥም ላይ አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው አብሮ ሊዘፍነው የሚችል አዝማች መሥራት ላይ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ከባድ ሙያ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ አዝማቹ ግዙፍ ሲሆን ወደዚያ የሚያደርሱት ስንኞች አንዳንዴ መንገድ ብቻ ይሆናሉ።

ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የራሱ ነበር። የዛሬውን ጥያቄያችንን በአንድ ሰው ስም መለሰው ማለት ነው። የባህሉን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ጋር ሲያገናኘው ሌሎች እንደሚያደርጉት ክራር ቆርጦ ከላይ አልለጠፈም፤ ምቱን ራሱን ከእስክስታው ትከሻ ላይ አነሳው። ከዚያ በኋላ በወጡት ሥራዎቹ ሐሳቡ እየሰፋ ድምፁም እየገዘፈ ሄዷል። አንዳንዴ አንድ ሌላ ሰው ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ «ይሄኛው ይውጣ» ቢለው ብዬ እመኛለሁ። ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚከራከረው አያገኝም።

በ2024 ደግሞ ሳልጠብቀው ከሁሉ የበለጠ የነካኝ አልበም ወጣ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በፒያኖ ሥራቸው ነው የምናውቃቸው፤ በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለበጎ አድራጎት የዋለ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። «ሱቨኒርስ» በተባለው አልበም ላይ ግን ይዘፍናሉ። በደርግ ዘመን ቤታቸው ውስጥ በካሴት መቅረጫ ራሳቸው የቀረጹት ነው። ድምፃቸው የሠለጠነ ድምፃዊ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ከፒያኖው ጋር እኩል ይራመዳል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ከድምፅ ባለሙያ አንጻር ይህ ጉድለት ነው፤ ዛሬ በስልክ መተግበሪያ በደቂቃ ይጠርጉታል። ለገበያ ያልታሰበ ሥራ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ይስማ። ሳይድ ኤ የለውም፤ የሚማርከው ደንበኛ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ። በ2025 ስትረት በተባለው አሳታሚ በኩል «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ወጥቷል፤ ሰውዬው የራሱን የድሮ ሥራዎች እንደገና አቀናብሮ ተጫወታቸው። ብዙ ሰው «አዲስ ነገር የለውም» አለ። አቀናባሪን ባለማወቃችን የምንናገረው ንግግር ይሄ ነው። ዜማው አንድ ሆኖ ቅንብሩ ሲለወጥ ሥራው ሌላ ሥራ ነው፤ ጃዝ ማለት በሙሉ በዚህ የቆመ ነው። ሙላቱ ከመነሻው የሠራው ይህንኑ ነው፤ የኛን አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ይዞ ከሥሩ የሚነጠፈውን ለወጠ። ፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ ሙዚቃውን ሲጠቀም፣ በ2010 ሙዚቀኞቹ ናስና ዴሚያን ማርሌ ከሥራው ቆርጠው ሲወስዱ የፈለጉት ዜማውን ብቻ አልነበረም፤ ያንን የድምፆች አቀማመጥ ነው።

«የከርሞ ሰው»ን በአዲሱ አልበም ሰምታችሁ የድሮውን አከታትሉበት። በአዲሱ ላይ የባህል መሣሪያዎቹ ቦታ አግኝተዋል፤ ማሲንቆና ክራር እንግዳ ሆነው ጥግ አልተቀመጡም፣ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፣ ቀረጻው የጠራ ነው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የት እንደቆመ በጣት መጠቆም ትችላላችሁ። በድሮው ላይ ደግሞ የመቅረጫው አቅም ውስን በመሆኑ ሳክስፎኑ ከጊታሩ ላይ ይፈሳል፣ ድራሙ ሁሉንም ይነካል፣ አራት ደቂቃ ግድም ሲሆን ያበቃል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ የድሮውን እመርጣለሁ። አዲሱ ሁሉን ነገር የሚናገርበት ጊዜ አለውና ይናገራል፤ የድሮው ግማሹን ብቻ ብሎ ሸክላው ያልቅበታል።